ፈቃድ የማያውቀው ቅጽ

እትዬ ዓለምዘውድ ማስመሪያቸውን ከስም መጥሪያው ላይ አንድ መስመር ዝቅ አደረጉና በአንድ ጣታቸው ኮምፒውተሩን ነካ ነካ አደረጉ። ቡታጅራ ውስጥ በአንድ ትምህርት ቤት መዝገብ ቤት ሃያ ስድስት ዓመት ሠርተዋል። ከወሎ ይዘዋቸው የመጡት መምህር ባላቸው ከሞቱ ወዲህ፣ ሳምንት ሙሉ ከስም ዝርዝር በቀር የሚያናግራቸው የለም።

ይህን ቅጽ ሲሞሉ ሁለተኛ ጊዜያቸው ነው፤ አሁን የመጀመሪያውን እያረሙ ነው። ጉብሬ ዩኒቨርሲቲው ውስጥ ያሉ አጥኚዎች፣ ትምህርት ቤቶች የትኞቹን ልጆች እንደሚዘነጉ በኮምፒውተር ለመመርመር ቅጽ ልከው ነበር። ቅጹ «ተገኘ» እና «ቀረ» ብቻ ይላል። ለአረፋ ከቤተሰባቸው ጋር ገጠር የሄዱትን ልጆች ግን እትዬ ራሳቸው በቀይ እስክሪብቶ «በፈቃድ» ብለው መዝግበዋቸዋል። የት ላስገባቸው ብለው ደውለው መጠየቅ አፈሩ። ሁሉንም «ቀረ» አሏቸው።

የአጥኚዎቹ ኮምፒውተርም አሥራ ሁለት ልጆችን «ሊያቋርጡ ይችላሉ» አለ። ርዕሰ መምህሩ አቶ ባልቻ «ቦታው ለማይጠፋ ልጅ ይሁን» ብለው ከክረምቱ ማጠናከሪያ ክፍል ሰረዟቸው።

የበርበሬ ነጋዴዋ ሰፍያ የልጇን የዘይባን ስም ከክረምቱ ክፍል ዝርዝር ብታጣ ወደ መዝገብ ቤቱ መስኮት መጣች።

«እትዬ፣ ልጄ አረፋን አያቷ ቤት ዋለች እንጂ ጠፋች እንዴ? ፈቃዱን የጻፉልኝ እርስዎ!»

«አዎ… እኔ ነኝ።»

«ይሄ ኮምፒውተር ጎረቤት የለውም መሰለኝ፣ አረፋን አያውቅም!» ብላ ሳቀች። ሳቋ ግን አልቆየም። «እስከ ዓርብ ካልገባች አባቷ አዲስ አበባ አጎቷ ሱቅ ሊሰዳት ነው። ቆርጧል።»

እትዬ አቶ ባልቻን ቢለምኑ «አጥኚዎቹ ካረሙት እኔም አርማለሁ» አሏቸው።

ሦስት ቀን ሙሉ የአሥራ ሁለቱን ልጆች ቅጽ ለብቻቸው አረሙ። ዓርብ ማለዳ እርማቱን የያዘውን ፍላሽ በመሐረብ ቋጥረው መናኸሪያ ደረሱ። የአዲስ አበባው መኪና ሞተሩን አስነስቶ ቆሟል። በመስኮቱ ዘይባ አየቻቸው።

«እትዬ! በጠዋቱ ወዴት ነው?»

«እዚሁ ነው፣ ልጄ» አሉ።

ዘይባ እጇን አወዛወዘች፤ መኪናው ወጣ።

«ጉብሬ አንድ ሰው! እማማ፣ አንድ ሰው ነው የቀረን!» አለ የሚኒባሱ ረዳት።

ፍላሹ ውስጥ ከዘይባ ሌላ ገና አሥራ አንድ ልጆች አሉ። በስልክ መጠየቅ ያፈሩት እትዬ ግን አጥኚዎቹ ፊት ቆመው «ተሳሳትኩ» ማለቱ ከበዳቸው። ያም ሚኒባስ ሞልቶ ሄደ፣ ቀጥሎ የመጣውም ሞልቶ ሄደ። እትዬ ዓለምዘውድ ነጠላቸውን አጣፉና ወደ ቤታቸው በእግራቸው ተመለሱ። ጉብሬ አልሄዱም።