ሞተር ማረሻ አይደለም

ወርክሾፕ የገባሁ ዕለት ዋና መካኒኩ ጋሽ ታፈሰ ከላይ እስከ ታች አዩኝና «ዘይት ትፈሪያለሽ?» አሉኝ። «የሚታጠብ ነገር አልፈራም» አልኋቸው። ጨርቅ ሰጡኝ። ቅጥሩ በዚሁ አለቀ።

ቦታው ዓባያ ሐይቅ ዳር ያለ የዓሣ አጥማጆች ማኅበር ነበር። ድርቁ ከመካነ ሰላም ሲያስወጣን ከቤተሰባችን በሕይወት የቀረነው እኔና ታላቅ ወንድሜ አያ ሰይፉ ነን። እሳቸው ጀልባ ነጂ ሆኑ፤ እኔ የሞተር ጠጋኝ ረዳት።

አንድ ዓመት በዓቢይ ጾም ዋዜማ አዲስ የአሉሚኒየም ጀልባ መጣልን። ሊቀ መንበሩ «አብዮቱ ያስገኘው ነው» ብለው ንግግር አደረጉ። ሞተሩን ስንሰቅል ግን የጀልባው የኋላ ሳንቃ አጭር፣ ውሃ ውስጥ የሚገባው የሞተሩ እግር ረጅም ሆኖ ተገኘ።

ጋሽ ታፈሰ ቀጥ ያለ ጣውላ ከጀልባው ሆድ ሥር አስገብተው ወደ ኋላ እስከ ሞተሩ አሳለፉት። «ውሃውን ከሚገፋው ፕሮፔለር በላይ ያለችውን ጠፍጣፋ ክንፍ አየሽ? ከዚህ ጣውላ ጋር ትስተካከል። ከጠለቀች ውሃው ይይዛታል። ከወጣች ሞተሩ አየር ይስባል፤ ይጮሃል እንጂ አይገፋም።»

ሳንቃው ላይ የወይራ ቁራጭ አስቀምጬ ሞተሩን በላዩ አሰርሁ። ቁራጩን ትራስ እንለዋለን። ክንፏ ልክ ገባች።

አያ ሰይፉ መጥተው አዩት። ደስ አላላቸውም።

«እቴ፣ ይኸ ነገር ተንጠልጥሏል።»

«ልኩ ነው፣ አያ።»

«እርፉን ጫን ካላሉት ማረሻ መሬት ይቧጭራል እንጂ አያርስም።»

«ይኸ የሚያርሰው ውሃ ነው።»

«ውሃማ ከመሬት ይለሰልሳል፤ የበለጠ ይጠልቃላ። አብሽሪ፣ እኔ አውቃለሁ።»

በጾም የዓሣ ገበያ ይደራል። እኔ በጾም ዓሣ አልቀምስም፤ ሞተሩን ግን ለሚቀምሱት አዘጋጃለሁ። አያ ሰይፉ በማለዳ ማዶ ተሻገሩ።

ዓባያ ከሰዓት በኋላ ነፋስ አለው። ጀልባ ሁሉ ከነፋሱ በፊት ይገባል። በዚያ ቀን ሌሎቹ ገቡ፤ የወንድሜ ቀረ። ዳር ቆሜ እመብርሃንን ለመንሁ። ሌላ ወንድም የለኝም አልኋት። ታውቀዋለች፤ ቢሆንም ነገርኋት።

ጀልባው ሲመጣ እንደ ደከመ በሬ ነበር። ከሞተሩ ኋላ ውሃው እንደ ምንጭ እየፈላ ወደ ጀልባው ይገባል። አያ ሰይፉ ባንድ እጃቸው እየነዱ በሌላው ውሃውን በጣሳ እየቀዱ ይደፋሉ። ውሃው እስከ ባታቸው ደርሷል።

«ዓሣውስ?» አልኋቸው።

«ወደ ቤቱ መለስሁት። ጀልባው ከበደኝ።»

«ትራሱስ?»

ከተቀመጡበት ብድግ አሉ። ተቀምጠውበት ኖሯል።

«ጠዋት ነው ያወጣሁት» አሉ። «ማዕበሉ ሲመጣ ልመልሰው አሰብሁ፤ ሞተሩን ማን ይያዝልኝ?»

«እርፉን ጫን አላሉትም?»

«አልሁት እንጂ። እንዲህ ያደረገኝ እሱ አይደል?» ትራሱን አቀበሉኝ።

ጋሽ ታፈሰ መሰርሰሪያውን ሰጡኝ። ትራሱን ከሳንቃው ጋር በብሎን አሰርሁት። በማግስቱ አያ ሰይፉ ነፋሱ ሳይነሳ ገቡ፤ ዓሣውም ነበር።

ከዚያ ወዲህ ብዙ ሞተር ሰቅያለሁ። ክንፏ ከጀልባው ሆድ ጋር ትስተካከል። ትራሱ በብሎን ይታሰር። የብሎኑ መፍቻ ወርክሾፕ ይደር፤ ነጂው ወንድም ቢሆንም።