የኔታ ያስተዋወቋቸው ተመራማሪዎች

አጎቴ ከቡሬ ወጣ ብላ ባለችው መንደራችን ቅኔ ያስተምሩ ነበር፤ እኛ ዘመዶቻቸውም «የኔታ» ነበር የምንላቸው። ከዩኒቨርሲቲ ለጥናት የመጣ ሁሉ የሚያርፈው እሳቸው ቤት ነው። እንግዳው ገና ሳይቀመጥ «ከጓደኞችህ ጋር ተማክረህ ነው የመጣኸው?» ይሉታል።

አንድ ጊዜ ሦስት ሰዎች ተገጣጠሙ። አንዷ የአፈር አሲዳማነት፣ አንዱ የመሬት ሕግ፣ ሌላው ቅኔ ያጠናሉ። ከአንድ ግቢ መጥተው አይተዋወቁም!

«በሉ ልጆቼ፣ እኔ ቤት ተዋወቁ» ብለው እየሳቁ አንድ ገበታ ላይ አስቀመጧቸው።

ያኔ መሬቱ እህል አልሰጥ ብሎ ሰዉ ተቸግሯል። ግን «ዛሬ አፈሩን ወስደው ነገ መሬቱን ሊቀሙን ነው» ተብሎ ስለተወራ ማንም አፈሩን አላስመረምርም አለ። የኔታ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሦስቱንም ይዘው ሕዝቡ ፊት ቆሙ። የሕጉ ተመራማሪ የገበሬውን የይዞታ መብት አስረዳ። ሰዉ አሁንም አፈሩን አልሰጥም አለ።

«እንግዲያስ ከእኔ ማሳ ጀምሩ» አሉ የኔታ።

አፈሩ ሲመረመር አሲድ በዝቶበት ተገኘ፤ አሲዱን የሚያበርደውን ኖራ ተሸክሞ ማሳው ድረስ የወረደው የቅኔው ተመራማሪ ነበር። በዓመቱ የየኔታ ገብስ ሲያምር ጎረቤቱ ሁሉ ተከተለ። እንደ እሳቸው አዋቂን ከአዋቂ የሚያገናኝ ሰው አላየሁም።

በአርባቸው ሦስቱም አብረው መጡ። ባለፈው ሳምንት ደግሞ ስለ ንብ የምታጠና ወጣት ደጃችን ቆማ «የኔታ አሉ?» አለችኝ። ማረፋቸውን ስነግራት አለቀሰች።

«ታውቂያቸው ነበር?»

«አላውቃቸውም። ፍኖተ ሰላም ላይ የጠየቅሁት ሁሉ ግን ወደ እሳቸው ነው የላከኝ።»

ወደ ቤት አስገባኋት። መደባቸው ላይ ግን እሷም አልተቀመጠች፣ እኔም አልተቀመጥሁ።