አባያ ዳር፣ ያለ ጀልባ

ሶዶ ተመድቤ ከመጣሁ ወዲህ ቅዳሜን የማሳልፈው አባያ ሐይቅ ዳር ነበር። ጀልባ የለኝም። ጀልባ ያላቸው ሰዎች መረብ ይዘው ይገባሉ፤ መረብ ደግሞ የሰነፍ መሣሪያ ነው ብዬ ስከራከር የኖርኩ ሰው ነኝ። እኔ የአውራ ዶሮ ላባ መንጠቆ ላይ አስሬ፣ እስከ ጉልበቴ ውኃው ውስጥ ገብቼ እወረውራለሁ። ናይል ፐርች የሚሉት ግዙፍ ዓሣ አንዳንዴ ላባውን እስከ እግሬ ድረስ ይከተልና፣ ሲያየኝ ዞሮ ይጠፋል። ለዚያች ቅጽበት ስል ቀኑን ሙሉ እገተራለሁ። የቢሮ ሰዎች "አዞ ይበላሃል" ሲሉኝ "አዞው ያለው ማዶ ነው" ብዬ አፋቸውን አስይዛቸው ነበር።

እዚያው ዳር ውኃ የሚቀዱ አንዲት እናት ነበሩ። ጀሪካናቸውን ረጅም እንጨት ጫፍ ላይ አስረው፣ ደረቁ መሬት ላይ እንደቆሙ ነው የሚቀዱት። ጭቃ ተጸይፈው ይመስለኝ ነበር፤ በልቤም እስቅባቸው ነበር።

አንድ ቅዳሜ ጠጋ አሉና፣ ወላይትኛ ወዝ ባለው አማርኛ "ርቦህ ነው የምትገባው?" አሉኝ።

"አይ እማማ፣ አልራበኝም። ብይዘውም እለቀዋለሁ።"

"ታዲያ ለምን?"

"ደስ ስለሚለኝ ነው።"

እንጨቱን ዘርግተው ጀሪካኑ እስኪሞላ ጠበቁ። ጎትተው ካወጡት በኋላ ነው፣ ፊታቸውን ሳያዞሩ የተናገሩት።

"ልጄ ውኃ ልትቀዳ ነበር የገባችው። እዚያ፣ አንተ የቆምክበት።"