ከመርዶ በፊት የመጣ የፈቃድ ጥያቄ

ትምህርት ቤታችን ከላሊበላ ወደ ብልባላ በሚወስደው መንገድ ዳር ነው። የማስተምረው ጂኦግራፊ ነው፤ ከዚያ በተጨማሪ የሠራተኞችን ጉዳይ እይዛለሁ። ይህ ሥራ የራሱ ባለሙያ ያስፈልገው ነበር፤ ቦታው ክፍት ሆኖ ሲቆይ ርእሰ መምህራችን የመምህራኑን ጠረጴዛዎች አንድ በአንድ አዩና «ያንተ ብቻ ነው ንጹሕ» ብለው የፋይሉን ሣጥን ቁልፍ ሰጡኝ።

ሥራውን ወደድኩት። የጡረታ መዋጮው በትክክል መቆረጡን አያለሁ፤ የጤና መድኅን መታወቂያ ሳይታደስ ጊዜው እንዳያልፍ አስታውሳለሁ፤ የወሊድ፣ የሕመም፣ የሐዘንና የዓመት ፈቃድ አዘጋጃለሁ። ፈቃዶቹ አይቀላቀሉም። የዓመት ፈቃድ ሠራተኛው ሠርቶ ያጠራቀመው ነው፤ የሐዘን ፈቃድ ሐዘን ሲደርስ የሚሰጥ ነው። አንዱ በሌላው ቦታ ከገባ ወይ ሠራተኛው ይጎዳል፣ ወይ የወረዳው ተቆጣጣሪ ሲመጣ እኛ እንጠየቃለን። ይህን በመምህራን ማረፊያ ክፍል ደጋግሜ ስለማስረዳ ገና በሩ ላይ ሲያዩኝ «መመሪያው መጣ» ይሉኛል።

አንድ ረቡዕ ጠዋት ጋቢ የለበሱ ሽማግሌ ቢሮዬ ገቡ።

«ፈቃድ የሚሰጠው ሰውዬ የት ነው?»

«እኔ ነኝ፣ አባቴ።»

ከላይ እስከ ታች አዩኝ። «አንተ? እኔ እኮ ሽበት ያለው ነው የምፈልገው።»

ከወገል ጤና ተነሥተው ጋሸና አድረው ነው የመጡት። የንብረት ክፍል ሠራተኛችን አጎት ናቸው። በሩን ራሳቸው ዘጉትና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«ወንድሜ ዐረፈ፤ የሷ አባት። ቀብረነዋል። እሷ አታውቅም። ነገ ጎሕ ሲቀድ ከጎረቤቶቿ ጋር ሆነን እናረዳታለን። አንተ ፈቃዷን አሰናዳ። እስከዚያ ግን ትንፍሽ እንዳትል።»

የመርዶን ሥርዓት ለአንባቢ ማስረዳት አያስፈልገኝም። ሰው የአባቱን ሞት በቤቱ፣ የሚደግፈው ሰው አጠገቡ ሆኖ ይሰማል፤ ያገራችን ወግ ይኸው ነው። መመሪያው ግን ፈቃድ የሚጠይቀውም የሚፈርመውም ሠራተኛው ራሱ ነው ይላል።

«አባቴ፣ እሳቸው ካልፈረሙ አልችልም» አልኩ። «ያላወቁትን ሐዘን እንዴት ብለው ይፈርማሉ?»

«እሱን የተማርከው አንተ ታውቃለህ» ብለው በትራቸውን አነሡና ወደ ሠራተኛዋ ጎረቤት ቤት ሄዱ።

ከረፋዱ በኋላ የንብረት ክፍል ሠራተኛዋ ራሳቸው መጡ። በዕድሜ እናቴን ስለሚያህሉ እትዬ እላቸዋለሁ። በእጃቸው ትንሽ ፌስታል ይዘዋል።

«መምህር፣ ያቺን የዓመት ፈቃዴን ፈርምልኝማ። ከሰዓት ወደ ጋሸና መኪና አለ። አባቴ ስልክ አያነሣም። የግፊት መድኃኒቱን ገዝቼለታለሁ፣ አይቼው ልምጣ።»

ብፈርም የሚሆነው ታየኝ። ጋሸና ምግብ ቤት ውስጥ አንድ ያገራቸው ሰው ያገኛቸውና «እግዜር ያጥናሽ» ይላቸዋል። የአባታቸውን ሞት ከሾፌርና ከረዳት መሀል ቆመው ይሰማሉ። ያጠራቀሙት የዓመት ፈቃድም ለሐዘን ያልቃል። እንዳልፈርም ደግሞ ምን ብዬ? ውሸት አልችልበትም። ደንብ ግን እችላለሁ።

«እትዬ፣ ርክክብ ያስፈልጋል» አልኩ። «ንብረት የያዘ ሠራተኛ ሳያስረክብ ለዓመት ፈቃድ አይወጣም።»

«ርክክብ? ለልጄ ምርቃት ስሄድ ቁልፉን እዚህ ጠረጴዛህ ላይ ጥዬልህ አልሄድኩም?»

«ያኔም መደረግ ነበረበት።»

«መመሪያው መጣ!» አሉና ቁልፋቸውን እያንቃጨሉ ቀድመውኝ ወጡ።

ንብረት ክፍሉ ጠባብ ነው፤ የአቧራና የአዲስ መጽሐፍ ሽታ አለው። መጻሕፍቱን በየክፍል ደረጃቸው ቆጠርን። እኔ አንዴ ቆጥሬ እንደገና እቆጥራለሁ። የጠመኔ ካርቶን ከፍቼ ማየት ጀመርኩ።

«ወይ ጉድ! አንተ ልጅ፣ ጠመኔውን በፍሬ ልትቆጥረው ነው? ሚስት ስታገባ ሽሮውንም ትሰፍርባት ይሆናል።»

«የተሰበረ ካለ ብዬ ነው።»

«የተሰበረ ጠመኔ አይጽፍም ያለህ ማን ነው?»

መጥረጊያዎቹን፣ ካርታዎቹን፣ ሉሉን አለፍን። ኳሶቹ ጋ ስንደርስ ከመንገዱ በኩል የመኪና ጡሩምባ ተሰማ፤ ከዚያ ሞተሩ እየራቀ ሄደ።

«ሄደ» አሉ እትዬ።

ኳሶቹን መቁጠሬን ቀጠልኩ።

«መምህር፣ አንተ ሰው ሳይጠይቅህ ምክንያት የምትደረድር ልጅ ነህ። ዛሬ ለምን ዝም አልክ?»

አንዱን ኳስ አንሥቼ ጫን ጫን አደረግሁት። «ይሄኛው ንፋስ የለውም» አልኩ። ድምፄ ለራሴም ደስ አላለኝም።

ትኩር ብለው አዩኝ። ከዚያ የመጽሐፍ ካርቶን ላይ ቁጭ አሉ። ፌስታሉን ጉልበታቸው ላይ አድርገው አፉን ቋጠሩት፣ ፈቱት፣ መልሰው ቋጠሩት። ተነሥተው ላይኛው መደርደሪያ ላይ አስቀመጡት።

«ይህን ከንብረቱ ጋር እንዳትቆጥረው» አሉ። «በል ቀጥል፤ የቀረን ወንበር ነው።»

በማግሥቱ ገና ሳይነጋ አጎትየው፣ አንድ ቄስ፣ ጎረቤቶቹና እኔ ወደ እትዬ ቤት ሄድን። በሩ ገርበብ ብሎ ነበር። እትዬ ለብሰው ተቀምጠዋል። ቤቱ ተጠርጓል፤ ሰው እንዲቀመጥ አግዳሚው ወደ ግድግዳው ተጠግቷል። አጎትየው ይህን ሲያዩ ወደ እኔ ዞረው በዓይናቸው ጠየቁኝ፤ አልነገርኳቸውም ለማለት ራሴን ነቀነቅሁ። ከዚያ በወጉ አረዷቸው። እትዬም አባቴን ብለው ጮኹ፤ ሴቶቹ በሁለት በኩል ያዟቸው። ያ ጩኸት አሁን እንደሰማ ሰው ጩኸት ነበር። ያለፈው ቀን ጥርጣሬ ለካ ከሐዘኑ ምንም አልቀነሰላቸውም።

የሐዘን ፈቃዱን እቤታቸው ወስጄ አስፈረምኳቸው። የመጀመሪያ ቀን ብዬ የጻፍኩት የተረዱበትን ሐሙስን ነው። ፎርሙ ወረዳ ሲደርስ አንድ ባለሙያ ደወለ።

«ፎርሙ ሟቹ ያረፉት ቀደም ብለው ነው ይላል። ፈቃዱ ለምን ከሐሙስ ይጀምራል?»

«የተረዱት ሐሙስ ነው።»

እሱም ያገር ልጅ ነውና ነገሩ ገባው። «እግዜር ያጥናቸው» አለ። «መመሪያው ግን ስለ መርዶ ምንም አይልም። በጽሑፍ አስረዳኝ።»

ገጽ ከግማሽ ጻፍኩለት። ርእሰ መምህሩ ወደ ሦስት መስመር አሳጠሩት። ወረዳው ተቀበለው።

የአባታቸው አርባ ሲቃረብ እትዬ ጥቁር ለብሰው ቢሮዬ መጡ። ያልፈረምኩላቸውን ያችኑ የዓመት ፈቃድ ጠረጴዛዬ ላይ ዘረጉ። ከፈቃዷ አንድም ቀን አልተነካም።

«ለአርባው ልሄድ ነው። ዛሬስ ርክክብ አትለኝም?»

«ቆጥረን የለ እንዴ፣ እትዬ?»

«ቆጥረናል» አሉ። ስፈርም ቆመው ጠበቁኝ። ከዚያ ቁልፉን ጠረጴዛዬ ላይ አስቀምጠው፣ መኪናው እንዳያመልጣቸው ፈጠን ብለው ወጡ።