የእንጀራ ልጄና የአባቷ ስም

ጠላት ከአገር በወጣ በጥቂት ዓመታት ውስጥ እኔ በአራዳ የታወቅኩ ማመልከቻ ጸሐፊ ነበርኩ። የታወቅኩ ስል ራሴን ለማሞገስ አይደለም፤ እሺ፣ ትንሽ ለማሞገስ ነው። የአንድ ግሪክ ጨርቅ ነጋዴ ሱቅ በረንዳ ላይ ጠረጴዛዬን ዘርግቼ፣ የቀለም ብልቃጤን ከፍቼ፣ ባላገሩ መሬቱን፣ መበለቷ ርስቷን፣ ከሥራ የተባረረው ሥራውን የሚለምንበትን ወረቀት ስጽፍ እውል ነበር። «እጅ ነሥቼ አመለክታለሁ» የሚለውን ከእኔ አሳምሮ የሚጽፍ ከፒያሳ እስከ አራት ኪሎ አልነበረም። ከቢሮ ቢሮ ሲንከራተት ጫማው ያለቀ ሰው ፊቴ ሲቀመጥ፣ ከንፈሬን እየመጠጥኩ በሆዴ እስቅ ነበር። እኔ የማላውቀው በር ጠባቂ፣ የማላውቀው ጸሐፊ አልነበረማ!

ባለቤቴን ያገባኋት በዚያ በክብር ዘመኔ ነው። በወረራው ጊዜ ወደ ጅቡቲ ተሰዳ፣ እዚያ አንድ የየመን አረብ መርከበኛ አግብታ ሴት ልጅ ወልዳ ነበር። ባሏ አንድ ቀን በጀልባ ወጣ፤ አልተመለሰም። ጥቂት ዓመት ጠብቃ፣ ልጅቷን ለአባቷ እናት ትታ፣ አገሯ ገባች። ሳገኛት ፒያሳ ውስጥ የሴት ቀሚስ ትሰፋ ነበር። ልንጋባ ስንል «ልጅ አለችኝ፤ ኋላ አልሰማሁም እንዳትል» አለችኝ። እኔም ሽማግሌዎቹ እየሰሙ ድምፄን ከፍ አድርጌ «ያንቺ ልጅ የኔ ልጅ ናት!» አልኩ። ሽማግሌዎቹ መረቁኝ፤ አንዱማ ዓይኑ እንባ አቀረረ። ልጅቷ ያኔ ጅቡቲ ናት። ልጅ በሌለበት አባት መሆንን የመሰለ ቀላል ሥራ የለም።

በሁለተኛው ዓመት አያትየዋ ሞተች፤ ልጅቷም ከአንዲት ነጋዴ ሴት ጋር በባቡር ተላከች። ለገሃር ሄደን ተቀበልናት። አሥራ አንድ ዓመቷ ነው፤ ቀጭን፣ ረዥም፣ የቆርቆሮ ሻንጣዋን በሁለት እጇ እቅፍ አድርጋ የያዘች። እናቷ ተጠምጥማባት ስታለቅስ፣ እኔ ኮቴን ጎተት ጎተት አድርጌ፣ ጉልበቴን እስክትስም ጠበቅኩ። ልጅቷ በእናቷ ትከሻ ላይ አሻግራ አየችኝና ጮክ ብላ፣

«ምን አፍጥጠሽ ታይኛለሽ?» አለችኝ።

በኋላ ነው የገባኝ። እናቷ ጅቡቲ ሳሉ ከሌላው ሰው ጋር በአረብኛ ነበር የምታወራው። አማርኛ የሚመጣላት ስትቆጣ ብቻ ነው፤ የምትቆጣውም ልጅቷን ነው። ስለዚህ የልጅቷ አማርኛ ከጫፍ እስከ ጫፍ ቁጣ ነበር፤ እሱም ለሴት የሚነገር ቁጣ። ለእሷ የአዳም ዘር በሙሉ «አንቺ» ነው። ሻንጣዋን የተሸከመላትን ጢማም ወዛደር «ቀስ በይ፣ ዓይንሽ አያይም?» ስትለው፣ ሰውዬው ከሳቁ የተነሣ ሻንጣውን ሊጥለው ደረሰ። እኔ አልሳቅኩም። የአራዳው ጸሐፊ በተሸካሚ ፊት ሴት ሲደረግ ምን ያስቃል?

በማግስቱ ይዣት የውጭ አገር ሰው ወደሚመዘገብበት ቢሮ ሄድኩ። ጸሐፊው ፀጉሩን በቅባት ለጥፎ የከፈለ ወጣት ነው፤ ብዙ ባለጉዳይ ወስጄለት ያውቀኛል።

«ዛሬ ደግሞ ለማን ነው?» አለኝ።

«ለራሴ።»

«እርስዎም ለካ ጉዳይ ይኖርዎታል!» አለና ጓደኞቹን ጠቀሰ። ከዚያ ብዕሩን አነሣ። «አባት?»

«እኔ።»

«የመጣችበት ወረቀት ላይ ያለው ሌላ ሰው ነው።»

«እሱ የወለዳት ነው።»

«እኔም የጠየቅኩት እሱን ነው። እርስዎ ታዲያ ምኗ ነዎት?»

«የእንጀራ አባቷ።»

ቅጹን ከላይ እስከ ታች በጣቱ ተከተለው። አባት፣ እናት፣ አሠሪ ይላል። «የእንጀራ የሚል የለም። አሠሪ ልበልዎት?»

«የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ምን ሥራ ላሠራት?»

«እሱን ወረቀቱ አይጠይቅም።»

የእሷንና የወላጅ አባቷን ስም ጽፎ፣ እኔን አሠሪዋ አድርጎ፣ የሦስት ወር የመቀመጫ ፈቃድ ሰጠን። በሦስት ወር ውስጥ ትምህርት ቤት መግባቷን የሚገልጽ ደብዳቤ ካላመጣን ወደ መጣችበት ትመለሳለች። እዚያ ማንም የላትም ብዬ ብነግረው፣ «እሱንም ወረቀቱ አይጠይቅም» አለኝ። ልጅቷ ጸሐፊውን ትክ ብላ ስታየው ቆይታ «አፍንጫሽን ጥረጊ» አለችው። እውነቷን ነበር፤ ቀለም ነክቶታል።

ትምህርት ቤቱ ከአራዳ ብዙም አይርቅም። መዝጋቢው ሽማግሌ ሰው ናቸው፤ የውርስ ክርክራቸውን የጻፍኩላቸው እኔ ነኝ። ጉዳዩን ስነግራቸው ራሳቸውን ነቀነቁ።

«የውጭ ስም ከሆነ ከበላይ ፈቃድ መምጣት አለበት። ወራት ይፈጃል። ለምን በእርስዎ ስም አንጽፋትም? ማን ያውቃል?»

እምቢ ማለት ይገባኝ ነበር። ጊዜው አጭር ስለሆነ ነው እሺ ያልኩት ብዬ ለብዙ ሰው ተናግሬያለሁ። እውነቱን ለመናገር ግን የእሷ ስም፣ ከኋላው የእኔ ስም በመዝገቡ ላይ ተከታትሎ ሲጻፍ ሳይ ደረቴ ተነፋ። ደስ የሚል ስም ሆኖ ታየኝ። ለልጅቷም ለእናቷም አልነገርኩም።

ከዚያ ዲሬክተሩ ሊፈትኗት አስጠሯት። ወፍራም፣ ከዘራ የማይለያቸው፣ ሲናገሩ ግድግዳው የሚሰማ የሚመስላቸው ሰው ናቸው።

«ተቀመጪ!» አሏት።

እሳቸው ቆመዋል፤ እሷም ጨዋ ልጅ ናትና፣ «አንቺም ተቀመጪ» አለቻቸው።

መዝጋቢው ሳል ያዛቸው። ዲሬክተሩ ከዘራቸውን ጨበጥ አድርገው «ፊደል ቆጥረሻል ወይ?» ብለው ጮኹ።

«ምን ያስጮኽሻል?»

ፈተናው በዚህ አለቀ። ጅቡቲ መነኮሳት ያስተማሯት ልጅ ናት፤ ክፍልፋይ ቁጥር በፈረንሳይኛ ታሰላለች። የመነኮሳቱን ምስክር ወረቀት ብሰጣቸው ዲሬክተሩ ገልብጠው ይዘው ጥቂት አዩትና፣ «ማኅተሙ ያምራል» ብለው መለሱልኝ። «ልጅቷ ግን ገና ናት። አንደኛ ክፍል!»

እናም ከሰባት ዓመት ሕፃናት ጋር ተቀመጠች። ጉልበቷ ከጠረጴዛው በታች አልገባ ብሎ፣ አንዴ በግራ አንዴ በቀኝ እያወጣችው። ቢሆንም ጠዋት ጠዋት ማንም ሳይቀሰቅሳት ተነሥታ ትሄድ ነበር።

ከሁለት ወር በኋላ መዝጋቢው በረንዳዬ ድረስ መጡ። ፊታቸው ጠቁሯል። «ልጅዎ ተመዝግባ አንድ ቀን እንኳ ትምህርት ቤት አልመጣችም። እንዲህ ከቀጠለች ትሰረዛለች» አሉኝ። የስም መጥሪያውን ደብተር ይዘውት መጥተዋል፤ በእሷ ስም አንጻር ቀሪ፣ ቀሪ፣ ቀሪ እያለ ይወርዳል።

ንዴቴ ልክ አልነበረውም። በማግስቱ እሷ ሳታየኝ ተከትያት ሄድኩ። ቀጥ ብላ ክፍሏ ገባች። እኔም በመስኮቱ ቆሜ አየሁ። ፊት ለፊት፣ መጀመሪያው ወንበር ላይ፣ ከሁሉም ሕፃናት በላይ አንገቷ ወጥቶ ተቀምጣለች። መምህሩ ስም መጥራት ጀመረ። እያንዳንዱ ሕፃን «አቤት!» ይላል። የእሷ ስም ከእኔ ስም ጋር ተጠራ። ዝም። መምህሩ ቀና እንኳ ሳይል «ቀሪ» ብሎ ጻፈ።

ዘልዬ ገባሁ። «እዚህ ተቀምጣ እያየሃት?»

«ማን? እሷ?» አለ መምህሩ ተደናግጦ። «እሷማ አንድ ቀን ቀርታ አታውቅም። ለየትኛውም ስም አቤት ስለማትል፣ ትልቅም ስለሆነች፣ ሕፃናቱን የምትጠብቅ ሞግዚት መስላኝ ነው። ሒሳብ ሳርምም ታግዘኛለች።»

ልጅቷን ወደ ውጭ አወጣኋት። «ስምሽ ሲጠራ ለምን አቤት አትዪም?»

«እሷ እኔ አይደለሁም።» አማርኛዋ በሁለቱ ወር ከሕፃናቱ ጋር ስትውል ተሻሽሏል፤ ለእኔ ግን «አንቺ» ማለቷን አልተወችም። «አባቴ ሲመጣ በር ላይ ቆሞ ስሜን ይጠራል። ከስሜ ኋላ የሱን ስም ይላል። ያንቺን ስም አያውቅም።»

በጀልባ ወጥቶ የቀረው ሰው ከስንት ዓመት በኋላ ተነሥቶ አራዳ ድረስ መጥቶ በዚያ በር ላይ ሲቆም ታየኝ። ሞቷል ልላት አፌን ከፍቼ ዘጋሁት። መሞቱን በምን አውቃለሁ? ለሰው ሁሉ ሦስት ምስክር አምጣ የምል ሰው፣ ለዚህ አንድም አልነበረኝም።

ለእናቷ ስነግራት የያዘችውን መቀስ ጨርቁ ላይ አስቀመጠች።

«የአባቷን ስም ፋቅህባት?»

«ለጉዳዩ ብዬ እኮ ነው።»

«ለጉዳዩ ነው ለጉራህ?»

ሦስቱ ወር ሊሞላ ሁለት ሳምንት ቀርቶታል። ወደዚያ ባለቅባት ጸሐፊ ተመለስኩና እንደ ማንኛውም ባለጉዳይ ባርኔጣዬን አውልቄ ሁሉንም ዘርዝሬ ነገርኩት። እንደዚያን ቀን ደስ ብሎት አያውቅም።

«እንግዲህ እንየው» አለ በጣቱ እየቆጠረ። «የአረቡ ልጅ ትምህርት ቤት ስላልገባች ከአገር ትወጣለች። የእርስዎ ልጅ ቀሪ ስላበዛች ከትምህርት ቤት ትባረራለች። በአንድ ልጅ ሁለት ኪሳራ! ከሁለቱ አንዷ መሰረዝ አለባት።»

«የምትሰረዘው የኔዋ ናት» አልኩ።

«እንግዲያው ልጅዎ አለመሆኗንና በሐሰት ማስመዝገብዎን ገልጸው ማመልከቻ ያምጡ። እኔ ማኅተም እመታበታለሁ፣ ትምህርት ቤቱም ስሟን ያርማል፣ ከበላይ ያለውን ፈቃድ እኔው እጨርስልዎታለሁ። ጥሩ ጸሐፊ ካላወቁ በረንዳ ላይ አንድ አለ ይላሉ።»

በረንዳዬ ላይ ተቀምጬ ጀመርኩ። በቀን አሥር ማመልከቻ የምጽፍ ሰው ያን ቀን ሦስት ወረቀት ቀድጄ ጣልኩ። «እጅ ነሥቼ አመለክታለሁ» ድረስ ደህና ይሄዳል። «ልጅቷ ልጄ አይደለችም» ላይ ስደርስ ብዕሬ ይቆማል። ልጄ ናት ብዬ በሽማግሌዎች ፊት ስፎክር ምንም አልከበደኝም፤ እንዲያውም ምሳ አምሮኝ ነበር። አለመሆኗን መጻፍ ግን ከበደኝ። ተራውን የሚጠብቅ አንድ ባላገር ሲያየኝ ቆይቶ፣ «ጌታው፣ ማን ቢበድልዎት ነው እንዲህ ያላበዎት?» አለኝ። ነገ ተመለስ ብዬ ሰደድኩት።

ጸሐፊው ማመልከቻዬን ልጅቷ ባለችበት፣ ቢሮው ሁሉ እንዲሰማው ድምፁን ከፍ አድርጎ አነበበው። «ልጅቷ ልጄ አይደለችም፤ እኔም አባቷ አይደለሁም…» ሲል ቆም አለና፣ «አንዱ ይበቃ ነበር» አለ። ማኅተሙን ጠረጴዛው እስኪነቃነቅ መታበት። ልጅቷ ሲነበብ ዓይኗን ከወረቀቱ አልነቀለችም።

ፈቃዱ በሳምንቱ መጣ። መዝጋቢው የእኔን ስም በማስመሪያ፣ በቀይ ቀለም ሰረዙት። የአባቷን ስም ሲጽፉ ግን ልጅቷ በትከሻቸው ላይ አጎንብሳ አቆመቻቸው። «አልፋው አ አይደለም። ዐይኑ ዐ ነው» አለች። ሽማግሌው ቀና ብለው አዩኝ፤ እኔ ኮርኒሱን አየሁ። ፊደሉን ከሰባት ዓመት ሕፃናት ጋር ተጎልታ ጨርሳዋለች። አረሙት፤ ትምህርት ቤት መግባቷን የሚገልጸውንም ደብዳቤ ጻፉልኝ፤ ቀኑ ሳያልፍ ለጸሐፊው አደረስኩ።

ከዚያ በፒያሳ በኩል ወደ ቤት ስንሄድ፣ አንድ ነገር ትለኝ ይሆናል ብዬ እጠብቅ ነበር፤ ማልቀስም ካለ ለማባበል ተዘጋጅቻለሁ። ኬክ ቤቱ መስታወት ጋ ስትደርስ ቆመች። ገብተን ባንኮኒው አጠገብ ቆመን ቦምቦሊኖ በላን። አፏ ዙሪያ ስኳር እንደሆነ፣

«ወረቀቱ ጥሩ ነበር» አለችኝ። «ጽሕፈትሽ ያምራል።»

እግዜር ይይልኝ፣ ደስ አለኝ።

በማግስቱ ስሟ ሲጠራ «አቤት» ያለችው እስከ ጎን ክፍል ድረስ ተሰማ ብሎ መምህሩ ነገረኝ። በሁለት ዓመት አራት ክፍል ዘለለች። አባቷ አልመጣም። ይመጣል ማለቷንም አንድ ቀን ተወች፤ መቼ እንደተወች ግን አላስተዋልኩም፤ ይህን ማስተዋል የነበረብኝ ሰው ነበርኩ።

ከክፍሏ አንደኛ በወጣችበት ዓመት መጨረሻ ለሽልማት ቀን ወላጆች ተጠራን። ዲሬክተሩ ከዘራቸውን ተደግፈው፣ «ይህችን ልጅ ገና ቢሮዬ እንደገባች፣ ከአፏ በወጣው በመጀመሪያው ቃል ብልህነቷን ያወቅኩ እኔ ነኝ!» ብለው ንግግር አደረጉ። ሕዝቡ አጨበጨበ። እኔ ግን ንዴት ፊቴን አቃጠለው። ሰው እንዲህ ዓይኑን በጨው አጥቦ ይዋሻል እያልኩ፣ ሲያልቅ ወጥቼ በር ላይ ያገኘሁትን አንድ ወላጅ ያዝኩት። በስሜት ሆኜ ነገሩን ከመጀመሪያው ተረኩለት። እንዴት ሁሉም በኔ ስም ትጻፍ ሲሉኝ፣ እኔ ብቻዬን «የአባቷ ስም አይነካም!» ብዬ ከቢሮ ቢሮ እንደታገልኩ ነገርኩት። ሰውዬው እጄን ጨብጦ አመሰገነኝ።

ባለቤቴ ከኋላዬ ቆማ ስትሰማ ኖሯል። ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ እስከ ቤታችን ድረስ ስትስቅ ሄደች። ልጅቷ ከፊታችን፣ የተሸለመችውን መጽሐፍ እየገለጠች፣ መንገዱን ሳታይ ትራመዳለች።