ከላይ የተቀመጠው

ዲሪር ሁልጊዜ ጠዋት ድሬ፣ ቀፊራ ገበያ ያለችውን የራዲዮና የቴሌቪዥን መጠገኛ ሱቁን ሲከፍት፣ መደርደሪያው ላይ የተደረደሩትን በሽተኞች አንድ በአንድ ጀርባቸውን በጣቱ አንጓ ኳ ኳ ያደርጋል። ከዚያ ጆሮውን ይለጥፍና፣ «አደርክ፣ ዋርያ?» ይላል። እስካሁን የመለሰለት የለም። እሱ ግን ተስፋ አይቆርጥም።

ሚስቱ ቀመሪያ፣ «እኔን አንድ ቀን እንዲህ ጠይቀኸኝ ታውቃለህ?» ትለዋለች።

«አንቺ መች ተበላሽተሽ!»

በደርግ ጊዜ፣ አንድ ቅዳሜ፣ የቀበሌው አዳራሽ ቴሌቪዥን ታመመ። ድምፁ ጥርት ብሎ ይሰማል፤ ሥዕሉ ግን የደቻቱ ወንዝ አሸዋ በሙሉ መስታወቱ ውስጥ የተገለበጠ ይመስላል። የሚገርመው የታመመው መድኃኒቱ በመጣለት ሳምንት ነው። ሊቀመንበሩ ጓድ ጉግሳ ከደጋ ተመድቦ ድሬ ከገባ ዓመት አልሞላውም። ሥዕል ያጠራል የተባለ ሳጥን ከጅቡቲ በባቡር አስመጥቶ፣ በገዛ እጁ ቴሌቪዥኑ አናት ላይ ጉብ አድርጎታል። ቅዳሜ ደግሞ ኳስ አለ። አዳራሹ መርፌ መጣያ የለውም።

ዲሪር ተጠርቶ ጣሪያ ላይ ወጣ። አንቴና የሚያዞር ሰው ብቻውን አይሠራም፤ ከታች ሆኖ «መጣ፣ ሄደ» የሚለው ይፈልጋል። ለዚህ ቀመሪያ መስኮቱ ላይ ተሰየመች፤ ግማሽ አካሏ ውስጥ፣ ግማሽ አካሏ ውጭ።

«መጣ?»

«አልመጣም!»

«አሁንስ?»

«አንድ እግር መጣ!»

«የማን እግር?»

«እኔ ምን አውቄ! የተጫዋች ነዋ!»

«አሁን?»

«ሄደ፣ አቦ! እግሩም ሄደ!»

አንቴናውን ወደ አራቱም ማዕዘን ካዞረው በኋላ ነገሩ ገባው። ጥፋቱ የአንቴናው ሳይሆን የሳጥኑ ነው። በሙያው፣ ሞገዱ የሚያልፍበት መንገድ ባንድ ይባላል፤ ሳጥኑ ደግሞ ያንን መንገድ አጥብቦታል። እጆቹን አፉ ዙሪያ አድርጎ ጮኸ፦

«ባንዱ ጠባብ ነው! ከላይ የተቀመጠውን አውርዱት!»

ቀመሪያ ባንድ የሚባል ነገር የምታውቀው ሰርግ ላይ የሚጫወተውን ብቻ ነው። «ባንዳ» የሚለውን ግን በየስብሰባው ትሰማለች። ስለዚህ ወደ አዳራሹ ዞራ፣ ቀፊራ ላይ ጨርቅ በምትሸጥበት ድምፅ አደረሰች፦

«ባንዳው ጠባብ ነው፤ ከላይ የተቀመጠው ይውረድ ይላል!»

በዚያ ዘመን ባንዳ ማለት አገሩን የሸጠ ነው፤ ጠባብ ማለት ከጎሳው ወዲያ የማያይ ነው። አንዱ ቃል ብቻውን ሰው ያሳስራል። ሁለቱ ተከታትለው ከጣሪያ ሲወርዱ ደግሞ ሰማይ የተናገረ ነው የሚመስለው። ሰው ሁሉ ቀና ብሎ መድረኩ ላይ፣ ከሁሉ በላይ የተቀመጠውን ጓድ ጉግሳን አየ። የሴቶች ማኅበሯ አሰገደች የነጠላዋን ጫፍ አፏ ውስጥ ጎሰረች፤ ትከሻዋ ግን ከዳት፣ ይንቀጠቀጥ ጀመር።

ቀመሪያ ምኑም አልገባትም። ወደ ውጭ ተመልሳ ጮኸች፦

«ዋርያ! ባንዳው ጠባብ ነው፣ ከላይ የተቀመጠው ይውረድ አልኳቸው፤ ሰው ሁሉ ሊቀመንበሩን ያያል! ልክ ነው የነገርኳቸው?»

ዲሪር አንቴናውን ለቀቀ። ከዚያ ከመጀመሪያው በበለጠ ድምፅ፦

«ከላይ የተቀመጠውን አውርዱት!»

የወረደው ግን ዲሪር ነው፤ ሁለት የአብዮት ጥበቃዎች በብብቱ ገብተው አወረዱት።

«ጠባብ ያልከው ማንን ነው?» አለ ጓድ ጉግሳ።

«ሳጥኑን።»

«ይውረድ ያልከውስ?»

«እሱኑ ሳጥን። ሌላ ምን አለ ከላይ?»

አሰገደች አሁን በግልጽ አለቀሰች፤ በሳቅ።

«ሚስትህ ምን እንዳለች አልሰማህም?»

«ነፋሱ ጆሮዬን ደፍኖት! ስማኝ፣ አንተ ጓድ ጉግሳ፤» አለ ዲሪር። ድሬ አንቱታ አያውቅም። «ድምፅ ቀጭን ነው፣ እንደ ፍየል በጓሮ በር ሾልኮ ይገባል። ሥዕል ግን የተጫነ ግመል ነው። በሩ ከጠበበ ጭነቱ ደጅ ይራገፋል፤ ያ የምታየው አሸዋ የተራገፈው ነው። ባንድ ማለት በሩ ነው፣ በቃ።»

ሊቀመንበሩ ሳጥኑን አየ፣ ዲሪርን አየ።

«አሳየኝ። ግመልህ ካልገባ ግን ዛሬ የምታድረው ቀበሌ እስር ቤት ነው፤ ሱቅህም ይታሸጋል።»

ቀመሪያ መስኮቱን በሁለት እጇ ጨበጠች።

ዲሪር የቴሌቪዥኑን ጀርባ ኳ ኳ አደረገ። «አደርክ፣ ዋርያ?» አለው በሹክሹክታ፣ እንደሚማጸን። ሳጥኑን አንስቶ ጓድ ጉግሳን አሳቀፈው። የአንቴናውን ሽቦ በቀጥታ ሰካ።

አሸዋ። አሸዋ። እግር። ሁለተኛ እግር። ኳስ!

«መጣ!» ብላ ቀመሪያ በመስኮቱ ዘላ ገባች። ወዲያው ጎል ገባ፤ ለየትኛው ቡድን እንደሆነ የጠየቀ የለም። ጓድ ጉግሳም ሳጥኑን እንደ ሕፃን እንዳቀፈ ዘለለ፤ ጨዋታው እስኪያልቅም አላስቀመጠውም። ሲያልቅ መመሪያ ሰጠ፦ «ከዛሬ ጀምሮ በዚህ ቀበሌ ባንድ አይባልም፣ በር ይባላል! ጣሪያ ላይ ሆኖ መጮኽም ክልክል ነው!»

ዲሪር ይህን ሲያጫውት ምንም አይሰስትም፤ ቴሌቪዥን መማጸኑን እንኳ አልደበቀም። አንዲት ነገር ብቻ ሳትጻፍ እንድትቀር ለምኖኛል፦ ለሁለተኛ ጊዜ «አውርዱት» ብሎ ሲጮኽ ጣሪያው ላይ ነፋስ አልነበረም።