ያልተለየው ነዶ

ልጄ ራሔል የልዕለ ጀግኖች ካርዶቿን ስትበውዝ ድምፁ የደረቀ ሰሊጥ ሲንኮሻኮሽ መሰለኝ። ከሁለት ቡድን መርጣ አንድ መጫወቻ ጥቅል ሠርታለች። ታላቅ ወንድሟ፣ «ሁለት ቡድን ቀላቅለሽማ ትሸነፊያለሽ! ለዪያቸው!» እያለ ይስቅባታል።

ይህን ቃል ልጅ ሆኜ ሱዳን፣ ገዳሪፍ፣ የሰሊጥ እርሻ ላይ ሰምቼዋለሁ። ነፋስ ተነሥቶ ስለነበር የየሰዉን ነዶ እየለዩ ለማቆም ጊዜ አልነበረም። አባቴና ሱዳናዊው አደም ያጨዱትን ነዶ ቀላቅለው፣ እርስ በርስ አስደግፈው ሲያቆሙ የባለእርሻው ወኪል ደረሰ።

«ሐበሻ ለብቻው፣ ዐረብ ለብቻው! ለዩት ብያለሁ!»

ከሥራ እንዳያባርራቸው ፈርቼ የአባቴን ሸሚዝ ያዝኩ። እሱ ነዶውን አልለቀቀም።

«ነፋሱ የማን ነው ብሎ አይጠይቅም» አለው።

አደም ከት ብሎ ሳቀ። እኔ ስለ ነፋስ ብቻ የሚያወሩ መስሎኝ ነበር። በማግስቱ ሁለቱም ተባረሩ። ያቆሙት ነዶ ግን አልወደቀም።

የካርድ ጨዋታ ሥራ ፈትነት ነው ስል ኖሬአለሁ፤ አሁንም አልወደውም። ራሔል ግን ቀና ብላ፣ «አባባ፣ ልለያቸው እንዴ?» አለችኝ።

«ብትሸነፊም አትለያቸው» አልኳት።